ሳይሟሽ የጣፈጠ ፒፓ

ጡረተኛው ዳኛ አዲስ ፒፓ ምላስ ሳያቃጥል እንደማይሟሽ በሦስት ፒፓ አይተውታል። አንዱ የእንጨቱ ጅማት የተጠማዘዘ ስለነበር በሳምንቱ ተሰነጠቀ፤ የሁለቱ ቨርኒሽ ደግሞ በሙቀት ተላጠና አፋቸውን ቀለም ቀለም አላቸው። ክብሪት በጫሩ ቁጥር ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ፣ «ይሄን ግማትህን ይዘህ በረንዳ ውጣልኝ!» ይሏቸዋል።

ሰባ ዓመት ሲደፍኑ ግን እኚሁ ሴት የወይራ ፒፓ አምጥተው ሰጧቸው። ዳኛው ለኮሱት። ጭሱ ገና በመጀመሪያው ቀን ልስልስ ብሎ ወረደ፤ ምላሳቸውን ንክች እንኳ አላደረገውም።

«ምስጢሩ እንጨቱ ነው» እያሉ ለወዳጆቻቸው ሁሉ ፍርድ እንደሚያነብ ሰው አብራሩ። «ጅማቱ ከታች እስከ ላይ ቀጥ ያለ ስለሆነ ሙቀቱን እኩል ያዳርሰዋል። ቨርኒሽ አልነካውም፤ በዘይት ብቻ ስለታሸ ይተነፍሳል። እንዲህ ያለው ማሟሸት አያስፈልገውም።»

ሁለተኛ ለመግዛት ፒፓውን ይዘው ወደ ሠራው እንጨት ጠራቢ ሄዱ። ጠራቢው ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደና ወፍራሙን ጥላሸት ዳበሰ።

«መቼ ጀመሩት ጌታዬ?»

«ባለፈው ሐሙስ።»

«ይሄ እኮ ሁለት ወር ሙሉ ተጭሶበታል። እንጨቱስ ጥሩ ነው፤ ግን የትኛውም እንጨት ሳይሟሽ እንዲህ አይሆንም። ባለቤትዎ ሲወስዱት እንዴት እንደሚሟሽ ጠይቀውኝ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሳቡ ነው ብያቸው ነበር።»

ዳኛው ፒፓውን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት።

«እሺ፤ እንደዚህ ያለ ሌላ አለህ?»

«አንድ ነበረኝ፤ ትናንት ባለቤትዎ መጥተው ወሰዱት» አለ ጠራቢው። «ይሄኛው የራሴ ነው ብለዋል።»