ከኋላው መቀመጫ ስር

ከባሏ ጋር ሊገዟት የመጡትን ጀልባ የኋላ መቀመጫ ስታነሳው ሽታው ፊቷን መታት። ትልቅ ማዕበል እንድታስነሳ ጀልባዋን ለማክበድ ውሃ የሚሞላው ትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት ከነአረንጓዴ ዝቃጩ ተጨማዶ ተኝቷል። ከስሩ ያለውን ወለል በአውራ ጣቷ ጫን ብታደርገው ጣውላው እንደ ራሰ ዳቦ ሟሸሸ፤ ጣቷም እስከ ግማሹ ሰመጠ።

«እህቴ፣ ውሃ ላይ የምትውል ጀልባ ትንሽ መሽተቷ የት ይቀራል?» አለ ሻጩ፣ ስቴኪኒውን እያላመጠ። «ይልቅ ከኋላዋ የምታስነሳውን ማዕበል ብታይው! ሰሌዳ ላይ የቆመ ሰው ያለ ገመድ ይንሸራተትበታል።»

«ወለሉ በስብሷል እኮ! ይህን እያወቅህ ነው ሰው የምትጭንበት?»

«እስካሁን የሰመጠ የለም» ብሎ ሳቀ።

ባሏን ጠራችው። ጎንበስ ብሎ አየና እሱም በጣቱ ወጋ ወጋ አደረገው። አሁን ሰውየውን ልክ ልኩን ይነግረዋል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «አትጩሂ። እንዲህ ከሆነማ በርካሽ ይለቃታል። አዲስ ምንጣፍ እናለብሳትና ለወንድምሽ እንሸጥለታለን። እሱ እንደሆነ መቀመጫ ገልጦ የሚያይ ሰው አይደለም» አላት።

ወንድሟ በየሳምንቱ ልጆቹን ይዞ ሐይቁ ላይ ነው የሚውለው። የቀለደ እንደሆነ ብላ የባሏን ፊት አየች፤ ልቡ ሂሳብ ውስጥ ገብቷል። ከጀልባዋ ወረደችና ሁለቱም እየሰሟት ስልክ ደወለች።

«ወንድምዓለም፣ እኔ ነኝ» አለች። «ባሌ ጀልባ ልሽጥልህ ካለህ እንዳትገዛት። ደግሞ ልጆቹ ክፍል ፍራሽ አንጥፉልኝ፤ ዛሬ እናንተ ጋ ነው የማድረው።»