የአራት ሰዓቱ ብርድ

ማሞቂያው መጥፋት የጀመረው ገና እንደተገጠመ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ቅላቱ ደብዘዝ አለ፣ ጠፋ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሶ በራ። በማግስቱም በአራት ሰዓት። በሰልስቱም።

ልብስ ስፌት ቤቱ ድሮ መጋዘን ነበር። ጣሪያው ሩቅ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ የሚገባ። ባለቤቱ ሠራተኛው እየታመመ ሲያስቸግረው ከጣሪያ ላይ የሚንጠለጠል የጋዝ ማሞቂያ አስገጠመ። ሠራተኞቹ እጃቸው ሳይደነዝዝ መርፌ መያዝ ስለቻሉ መረቁት።

የገጠመው ባለሙያ ነገር የሚያበዛ ሰው ነበር። "ይሄ የጭስ ማውጫ ቧንቧ የለውም" አለ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ። "የተቃጠለውን አየር የሚያወጣላችሁ ያ ከቢሮው በላይ ያለው ማራገቢያ ነው። ከታች ያሉትን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች እንዳትደፍኗቸው። ክፉው አየር ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ቀጥሎ ያዛጋል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያማችሁ ነገር አይኖርም።"

የማሞቂያውን ማብሪያ ከካውያው ጠረጴዛ አጠገብ አደረገው። የማራገቢያውን፣ ሰው እንዳይነካካው ብሎ፣ በባለቤቱ ቢሮ ውስጥ ገጠመው። አስፈርሞ ሄደ። ቀዳዳዎቹ በሦስተኛው ቀን በቁርጥራጭ ጨርቅ ተጠቀጠቁ፤ ብርድ ያስገባሉ ተብሎ ነው።

ታዲያ ማሞቂያውን ማን ያጠፋዋል? ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በካውያ የሚተኩሰው ሰውዬ እንፋሎት ውስጥ ቆሞ ስለሚውል ላብ ከፊቱ አይጠፋም፤ ቅጽል ስሙም ምድጃ ነው። ማብሪያው ከክርኑ አንድ ክንድ አይርቅም። ማሞቂያው በጠፋ ቁጥር ሌላው ሰው ካፖርቱን ሲፈልግ፣ ግንባሩን ጠርጎ "እፎይ! ተመስገን!" የሚለው እሱ ብቻ ነው።

ባለቤቱ ራሱ ቆሞ ሊጠብቀው ፈልጎ ነበር። ችግሩ፣ በየቀኑ በአራት ሰዓት ታላቅ እህቱ ከሩቅ ትደውላለች። ጆሮዋ ስለደከመ እየጮኸ ነው የሚያወራት፤ ስልኩን ካላነሳ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ታኮርፈዋለች። ስለዚህ ቁልፍ ሰፊዋን "ዓይንሽን ከሱ ላይ እንዳትነቅዪ" ብሎ አስጠበቃት።

"አልነካውም ጋሼ" አለች ከምሳ በፊት መጥታ።

"ታዲያ ማን ነካው? ሰይጣን?"

"እኔ እንጃ። ማብሪያው እንደበራ ነው፤ እሱ ግን ጠፋ።"

"አንቺም የሱ ወገን ነሽ።"

"ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!" አለች ቁልፍ ሰፊዋ። ይህን ያለችው ግን ከቢሮው ከወጣች በኋላ ነው።

ባለቤቱ ምድጃን ሰው ሁሉ ፊት አቆመው። "ነገ በአራት ሰዓት ይሄ ነገር ከጠፋ፣ ካውያህን አስቀምጠህ በዚያ በር ትወጣለህ። አበቃ።"

"ጋሼ፣ ልጆቼን! እጄ አልነካውም።"

"ታዲያ እፎይ የምትለው ለምንድን ነው?"

"ይሞቀኛላ!"

ሳቅ ሆነ። ምድጃ አልሳቀም። አሥራ ስምንት ዓመት ቆሞ ተኩሷል፤ ጉልበቱ አልቋል፣ ሦስት ልጆቹ ገና ተማሪዎች ናቸው፣ በዚህ ዕድሜው ካውያ የሚያስጨብጠው ሌላ ሰው የለም። ከሰዓት በኋላ አንድ ሸሚዝ አቃጠለ። በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው።

የስፌት መኪናዎቹን የሚጠግነው ሰው ፊውዝ ይባላል፤ የምድጃ የልብ ወዳጅ ነው። ወዳጁ እንዲህ አንገቱን ሲደፋ ማየት አንጀቱን በላው። በማግስቱ ማንም ሳይመጣ በጠዋት ገባ፣ መሰላል አቁሞ የማሞቂያውን ሳጥን ከፈተ። አንድ ሽቦ ከካውያው ጠረጴዛ በኩል ይመጣል። ሌላው ከማራገቢያው በኩል።

"ማራገቢያ ደግሞ እዚህ ምን አገባው?" አለ ፊውዝ።

ሁለቱንም ቆርጦ ማሞቂያውን በቀጥታ ከዋናው መብራት ጋር አገናኘው። ክዳኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ ነበር፤ ፊውዝ ግን ማስጠንቀቂያ የሚያነብ ዓይነት ሰው አይደለም።

"አሁን ሰይጣን ራሱ ቢመጣ አያጠፋውም" አለው ምድጃን በጆሮው። "ላብህን ጥረግና ሥራህን ሥራ።"

ምድጃ እጁን ለቀም አድርጎ ያዘው። "እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። ልጆቼን አተረፍክልኝ።"

ቀኑ ከሁሉም የከፋ ብርድ ነበር። በሩ ተዘጋ፣ መስኮቱ ተዘጋ። አራት ሰዓት ሲቃረብ ሃያ ሰው አንድ ዓይኑን ስፌቱ ላይ፣ አንድ ዓይኑን ጣሪያው ላይ አድርጎ መኪናውን ይነዳል። ቢሮ ውስጥ ስልክ ጮኸ። አራት ሰዓት ሞላ። ማሞቂያው እንደቀላ ነው። አምስት ደቂቃ። አሥር። ሩብ ሰዓት።

"እልልል!" አለች ቁልፍ ሰፊዋ።

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ምድጃ ካውያውን አስቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ፊውዝ ጣሪያውን እያየ ለብቻው ፈገግ ይል ነበር።

ባለቤቱ ወጥቶ አላየም፤ የዛሬው ስልክ ረዝሟል። እህትየው ልጇን ልትድር ነው፤ የሚጠራውን ዘመድ አንድ በአንድ ስታነሳና ስትጥል አምስት ሰዓት አለፈ።

"ራሴን ከበደኝ" አለች ቁልፍ ሰፊዋ።

"የደስታ ነው። ደስታም እኮ ያደክማል" አለ ምድጃ እያዛጋ። ፊውዝ ከመሰላሉ ሥር ሸለብ አድርጎታል፤ በማለዳ ስለተነሳ ማንም አልቀሰቀሰውም።

ባለቤቱ ቢሮው ውስጥ ወንበሩን ደገፍ አለ። "ኧረ ማን ቸኮለ እትዬ፣ እንደልብሽ ተጫወቺ!" አለ በስልኩ እየጮኸ። "አንቺ በደወልሽ ቁጥር እንደማደርገው፣ ይሄን ጯሂ ማራገቢያ አጥፍቼዋለሁ።"