ሁለተኛው ሐሰት ቢሆንስ

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ፣ የሒሳብ መምህሩ ወንዳወቅ ሎጂክ እያስተማረ «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ጠየቀ። ታንጉት የምትባል ተማሪ ብድግ አለች።

«ወንድሜ በሕይወት ካለ ለፋሲካ ከጦር ግንባር ይመጣል። ራሱ ነው እንዲህ ብሎ የላከብኝ።»

ወንዳወቅ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ከፍሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈና ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። «ሁለተኛው ሐሰት ቢሆንስ?»

«የመጀመሪያውም ሐሰት!» አለ ክፍሉ ባንድ ድምፅ።

ታንጉት አፏን በሁለት እጇ ይዛ እንደቆመች ቀረች። ወንዳወቅ ያን ጊዜ ክው አለ።

«መጥቷል አይደል?»

«አልመጣም፣ ቲቸር።»

«ፈቃድ ተከልክሎ ይሆናላ!» አለ እየተርበተበተ። «ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ሐሰት ሊሆን ይችላል እኮ።»

«ወንድሜ ዋሽቶኝ አያውቅም» አለችው።