ንጹሕ ጤፍ

ላሊበላን ምግብ ቤት ለምግብ ቤት ሲዞር ያረፈደው አስጎብኚ አንዲት ፈረንጅ አስከትሎ እትዬ አዛለች ምግብ ቤት ገባ።

«እትዬ አዛለች፣ እንጀራሽ ንጹሕ ጤፍ ነው? ይቺ ልጅ ስንዴ ከቀመሰች ሆስፒታል ነው የምታድረው።»

«ስንዴ አለበት» አለች፤ ሰው ታሞ ማየት አትወድም። «በዚህ ኑሮ ማን ሳይቀላቅል ይጋግራል?»

«ወይ ጉድ፣ በእንግዳ ፊት አዋረድሽን!» አለና ማዶ ወዳለው ሆቴል ይዟት ሄደ። እዚያ በራፍ ላይ «ንጹሕ የጤፍ እንጀራ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል።

ጎረቤቶቿ ገበያዋን በገዛ አፏ አባረረች ብለው ሳቁባት። እሷ ግን ቢያንስ የሰው ልጅ አላሳመምኩም ብላ ተጽናናች።

ብዙም ሳይቆይ የማዶው ሆቴል አስተናጋጅ እንደ ወትሮው ባዶ ሰፌዱን ይዞ ከች አለ።

«እትዬ፣ የምሳውን እንጀራ ቶሎ ስጪኝ። ዛሬ ሁለት ጨምሪበት፤ ስንዴ የማይስማማት እንግዳ መጥታልናለች።»