የታረመው ምልመላ

ክለቦች ያለፈ ምልመላቸውን በጊዜ ወደ ኋላ ተመልሰው እንዲያርሙ ከተፈቀደ ወዲህ፣ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቹ ምንተስኖት ስልክ በጮኸ ቁጥር ድንግጥ ይላል። ያኔ ባይመርጡት ኖሮ ከሚስቱ ከወይንሸት ጋር ወደዚህ ከተማ አይመጣም ነበር፤ እዚህ የወለዷት ልጃቸው አምሳለም አትኖርም ነበር። እርማቱ ደግሞ ማጥፋት የሚጀምረው ከትንሹ ሰው ነው።

ዛሬ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«በእናትህ!» ሲል የክለቡን ሥራ አስኪያጅ ለመነ። «ዕድሜ ልኬን ተጠባባቂ አድርገኝ፤ በረዶውን ልጥረግ፤ ምርጫውን ብቻ አትንኩት!»

«በአንተ ቦታ ሌላ ተጫዋች መርጠናል፣ ምንተስኖት። አሁን ተፈረመ።»

ስልኩን ጥሎ ወደ ሳሎን ሮጠ። ወይንሸት ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። እግሮቿ መሃል ያለችው ትንሽ በርጩማ ባዶ ናት።

«ምንቴ፣» አለች ሚዶውን እያገላበጠች፣ «የማንን ፀጉር ልሠራ ነው የተቀመጥኩት?»

«የልጃችንን! የ...»

ስሟ ጠፋበት።