የገነት ዘበኛ

ሰፈርተኛው «የገነት ዘበኛ» ይለዋል፤ ማን እንደሚገባ፣ ማን ከበር እንደሚመለስ ጠዋት ማታ ያውጃልና። ጎረቤቱ ሉባባ ለኢድ ስትጠራው ታዲያ፣ እስላም ያረደውን እንዳይቀምስ የራሱን ዶሮ በብብቱ ሸጉጦ፣ የራሱን ድስት አንጠልጥሎ መጣ። ከግቢዋ ጥግ ላይ «በስመ አብ ወወልድ» ብሎ ባረከና እዚያው ጣደው። ወጡ እስኪደርስ ማማሰያውን ለማንም አላስነካም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለችው ሉባባ።

«አውቀዋለሁ። እግዜር አንድ ነው፣ መንገዱ ግን ብዙ ነው ልትዪኝ ነው። መንገዱም አንድ ነው ሉባባ። የሚገባው ሕጉን የጠበቀ ብቻ ነው።»

«ኧረ እሱን እንኳ አይደለም...»

«ተዪኝ። በዓመት በዓል በሃይማኖቴ አታነታርኪኝ።»

ተወችው። እሱም የዶሮውን እግር ግጦ፣ ፈረሰኛውን አስከትሎ፣ አጥንቱን ሳይቀር መጥጦ ጣቶቹን መላስ ሲጀምር፣ ሉባባ በዘይት የተሠራ ትኩስ ሽሮ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች።

«ቅድም ልልዎት የነበረው» አለች ቀስ ብላ፣ «ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ የጾምዎን ለብቻ ሠርቼልዎታለሁ ነው።»