የጉርሻ አቤቱታ

ለማዕከሉ ነዋሪዎች በሙሉ፣ ለግቢው ድመትም ጭምር ይታወቅ ዘንድ፦ ባለፈው ማክሰኞ በአረጋውያን መኖሪያው የምግብ አዳራሽ በጉርሻ ረገድ ከባድ አድልዎ ተፈጽሟል።

አቤት ባዩ ሽማግሌ፣ የእንክብካቤውን ጥራት ልትገመግም የመጣችውን ሴት ገና በር ላይ ያዟት።

"ልጄ፣ አልጋው ደህና፣ ወጡም ደህና። ያን ጎረምሳ ግን እዪልኝ!" አሏት በአገጫቸው እየጠቆሙ።

ጎረምሳው ተንከባካቢ እጃቸው የሚንቀጠቀጠውን እትዬ ደብሪቱን እያጎረሰ ነበር። እትዬም በየጉርሻው መሃል ከት ብለው ይስቃሉ።

"እሷን ሲያጎርስ፣ እሷን ሲያስቅ ይውላል! እኛ ምን አጠፋን?" አሉ ሽማግሌው ፊታቸው ጠቁሮ።

"አባባ፣ የእርስዎ እጅ እኮ ከእኔም ይጠነክራል" አለ ተንከባካቢው።

ገምጋሚዋ ግን አድልዎ አትወድም። "እኩል አገልግሎት ማግኘት መብታቸው ነው። አሁኑኑ ይጉረሱ" ስትል ፈረደች።

ተንከባካቢው ሳቁን ውጦ ተነሳ። ጥሩ አድርጎ ጠቀለለና ወደ ሽማግሌው አፍ አቀረበ። ሽማግሌው ከንፈራቸውን ገጥመው በጎኑ አለፉና እሱ በለቀቀው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። አስቀድመው ታጥበው ያዘጋጁትን እጃቸውን ወደ እትዬ ደብሪቱ ሳህን ሰደው፣ ለእትዬ አፍ የምትመጥን ትንሽዬ ጉርሻ ጠቀለሉ።

"በሞቴ፣ ደብርዬ" አሉ በለሆሳስ።

እትዬ ደብሪቱ መሳቃቸውን ትተው ቀስ ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

ገምጋሚዋ ግራ ገባት። "አባባ፣ ታዲያ አቤቱታዎ ምን ነበር?"

"አልናገርም" አሉ፣ ሁለተኛውን እየጠቀለሉ።